መግለጫ ላይ ሁሌ ሚያዋክበኝ የቲቪ ሪፖርተር አለ፣ እንዴት ልያዘው?

ከመድረክ_ጀርባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ቃል አቀባይ ነኝ፣ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ። በየሳምንቱ መግለጫ እንሰጣለን፣ ካሜራ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ላይቭ ነው። ከሚመጡት ጋዜጠኞች ከአብዛኞቹ ጋር ሰላም ነኝ፣ ይጠይቃሉ እመልሳለሁ፣ ሳላውቅ ስቀር ደውለው ይጨቀጭቁኛል፣ ያው ስራ ነው። አንዱ ግን የቲቪ ሪፖርተር ነው፣ ሁሌ ፊት ረድፍ ጥግ ላይ ነው ሚቀመጠው፣ እጅ ማውጣት ብሎ ነገር አያውቅም፣ ሌላ ሰው እየጠየቀ እያለ በላዩ ላይ ይጀምራል። ደሞ ጥያቄ ቢሆን ጥሩ፣ ክስ ነው ሚያነበው። «ህዝቡን ለምን ዋሻችሁ» ብሎ ይነሳና አፌን ስከፍት ያቋርጠኛል፣ ዝም ስል «መልስ የለዎትም ማለት ነው?» ይላል። ማታ ዜና ላይ ሳየው ደሞ 40 ደቂቃ ያወራሁት 8 ሰከንድ ሆኗል፣ እሱም ውሃ ስጎነጭ ያለው ነው፣ ልክ ጉሮሮው እንደደረቀ ተጠርጣሪ።

ባለፈው ሳምንት ለይቶለት አንድ ወረቀት እያወዛወዘ በላይቭ አዋረደኝ። ክሊፑ እስካሁን እየዞረ ነው፣ የዘመድ ግሩፕ ላይ ሳይቀር ተለጥፎልኛል። አለቃዬ «ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላየው» እያለ ነው። ልለፈው? ልመልስለት? ወይስ ይታገድ? በዚህ ስራ ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ቀጭን_ሽቦ፦
እድል አትስጠው በቃ። መድረኩ ያንተ አይደል እንዴ

ድሮ_ካሜራማን፦
ቀጭን_ሽቦ ሳይጠሩት ሚጀምር ሰው ነው እያለህ እኮ ነው ሃሃ

ወንድሜ ካሜራ ጀርባ 11 አመት ቆሜያለሁ፣ ከዛ በኩል ምን እንደሚታይ ልንገርህ። የሪፖርተሩ ድምፅ ከካሜራው ኋላ ነው ሚመጣው። ተመልካች ሚያየው አንተን ነው፣ ቅንድብህን፣ መንጋጋህን፣ ፖዲየሙን አንቀህ የያዝክበትን ጣት። እሱ ቢጮህ ቢደነፋ ማታ ሚቀረው ድምፁ ነው፣ ያውም ኤዲተሩ ካስቀረው። አንተ ግን አንዴ ከጮህክ ፊትህ ነው ሚቀረው፣ ለዘላለም። ስለዚህ እልህ ከተጋባህ ከሳሪው አንተ ነህ።

ውሃዋን በተመለከተ ሆን ተብሎ አይደለም ብዬ አልዋሽህም። ሪፖርተሩ በራሱ ድምፅ ሚያወራበት ቦታ ላይ የሚለጠፍ ምስል ያስፈልገናል፣ እሱ ደሞ አንተ የማትናገርበት ሾት መሆን አለበት፣ አፍህ እየተንቀሳቀሰ የሱ ድምፅ ከተሰማ አስቀያሚ ነው። እና ከየት ይመጣል? ውሃ ስትጠጣ፣ ወረቀት ስታገላብጥ፣ ወደ በሩ ስታይ። ውሃህን ሳትገባ ጠጣ፣ ፖዲየሙ ላይ አታስቀምጥ። ሌላ ደሞ እየተጠየቅክ ራስህን አትነቅንቅ። አንተ «እየሰማሁህ ነው» ለማለት ነው ምትነቀንቀው፣ ድምፁ ጠፍቶ ሲታይ ግን ክሱን ያመንክ ነው ሚመስለው።

ከመድረክ_ጀርባ፦
እህትህ ነኝ እንጂ ወንድምህ አይደለሁም ሃሃ። የመነቅነቁን ነገር አሁን ሄጄ ክሊፑን አየሁት። ሦስቴ ነቅንቄያለሁ።

ነጭ_ነጯን፦
እህቴ አለቃሽ ትክክል ነው። ሰውየው ጋዜጠኛ አይደለም አክተር ነው። መግቢያ ካርዱን ቀሙትና እስኪሰክን ቤቱ ይቀመጥ፣ ስርአት ሚባል ነገር አለ እኮ

አንቀፅ_በአንቀፅ፦
ነጭ_ነጯን ይሄ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2018 ዋይት ሐውስ ውስጥ ትራምፕ መግለጫ ሲሰጥ የሲኤንኤኑ ጂም አኮስታ ማይኩን አልለቅም አለ፣ ልትቀበለው ከመጣችው ኢንተርን ጋ ተጓተቱ፣ በዛው ቀን ማታ ካርዱን ቀሙት። ሲኤንኤን ከሰሰ። በ9ኛው ቀን ዳኛው፣ ያውም ትራምፕ ራሱ የሾመው ዳኛ፣ ካርዱ ለጊዜው ይመለስለት ብሎ አዘዘ። ልብ በሉ፣ ዳኛው የሄደበት መንገድ የንግግር ነፃነት አይደለም፣ ካርዱን ስትቀሙት ስርአቱን ጠብቃችሁ፣ ምክንያቱን ነግራችሁ፣ መልስ ሚሰጥበት እድል ሰጥታችሁ ነው ወይ ሚለው ነው። ቃል አቀባይዋ ሳራ ሳንደርስ ለማስረጃ ብላ የለጠፈችው ቪዲዮ ራሱ ተነካክቷል ተብሎ ሌላ ጣጣ ሆነ።

አሁን ልጠይቅህ፣ የዛን ቀን የተነሳው ጥያቄ ስለምን እንደነበር ታስታውሳለህ? ወደ አሜሪካ በቡድን እየተጓዙ ስለነበሩት ስደተኞች (ካራቫን ሚሉት) ነበር። ማንም አያስታውሰውም። ሰውየውን ግን ዓለም አወቀው። ካርድ ስትቀሙ ሰውየውን ዜና ነው ምታረጉት፣ እሱም ሚፈልገው እሱን ከሆነ በገዛ እጃችሁ አጎረሳችሁት ማለት ነው።

ነጭ_ነጯን፦
እሱ አሜሪካ ነው

ድሮ_ካሜራማን፦
ካሜራ የትም ካሜራ ነው

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ በወዲያኛው ወገን የነበርኩ ነኝ። በቴሌቪዥን ሪፖርተርነት ነው ጡረታ የወጣሁት፣ በዘመኔ «ይሄ ሰው ጠላት ነው» እየተባልኩ ብዙ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ።

ሚጮህ ሪፖርተርና ሚደጋግም ሪፖርተር አንድ አይደሉም። ሚጮኸውን ተይው፣ የድምፅ ጉዳይ ነው። ሚደጋግመው ግን ብዙ ጊዜ መልስ ስላላገኘ ነው ሚደጋግመው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 ቢቢሲ ላይ ጄረሚ ፓክስማን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረውን ማይክል ሃዋርድን አንዲት ጥያቄ 12 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ጠየቀው። የማረሚያ ቤቶቹን ሃላፊ ውሳኔህን እሽረዋለሁ ብለህ አስፈራርተኸዋል ወይ፣ በቃ ይቺው ናት። ሃዋርድ ያደረገውንና የማድረግ ስልጣን የሌለውን እየዘረዘረ ዙሪያውን ዞረ፣ አዎ ወይም አይ ሳይል ሰዓቱ አለቀ። ፓክስማን ከዓመታት በኋላ ምን አለ መሰለሽ፣ ቀጣዩ ዘገባ ስላልደረሰልኝ ጊዜ መግፋት ነበረብኝ። አየሽ፣ ሰዉ እንደ ጭካኔ ያየው ነገር ውስጥ አንዱ ምክንያት የቴፕ መዘግየት ነው። ሃዋርድ በሁለተኛው ላይ ቀጥ ያለ መልስ ቢሰጥ ኖሮ ያ ቃለ ምልልስ ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር።

ሪፖርተሩ ላይም ኤዲተር አለበት። ከመግለጫ ሲመለስ «ምን ይዘህ መጣህ?» ነው ሚባለው። አንቺ የተፃፈ ነገር አንብበሽ ከወጣሽ ምንም አላመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ፊትሽን ያመጣል።

አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ስለ ውሃው ነገርሽን፣ ስለ ወንበሩ ነገርሽን። ወረቀቱ ምን ነበር?

ቀጭን_ሽቦ፦
ኧረ ልክ ነው፣ ወረቀቱስ?

ሰሚ_ያጣ፦
👀 ቦታ ይዣለሁ

ከመድረክ_ጀርባ፦
ጋሼ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ቀን ዝም ያልኩትም ለዛ ነው።

አንድ አገልግሎት እንዲቆም ለቅርንጫፎች ደብዳቤ ፅፋችኋል ወይ ነው ያለኝ። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቅ ነበር፣ ወሬው ስለነበር ጠዋት ሄጄ ሚመለከተውን ሃላፊ በር ላይ ይዤ ጠይቄዋለሁ። ስልክ እያወራ ነበር፣ በእጁ የለም የለም አለኝ። እኔም ገባሁና «እንደዚህ የሚባል ደብዳቤ የለም» አልኩ፣ ደሞ በሙሉ ድምፅ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ዘረጋው፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ካሜራው አዞረው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተሙ የኛ ነው። ከታች ያለው ፊርማ ጠዋት በእጁ የለም ያለኝ ሰውዬ ፊርማ ነው። እግሬ ከዳኝ።

እዚህ ጋ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን «ይሄ የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል፣ ምንጩን እናጣራለን» አልኩ። ክሊፑ ላይ ያለው እሱ ነው። ውሃዋ ከዛ በኋላ ናት።

ሰሚ_ያጣ፦
አይይይይ

ድሮ_ካሜራማን፦
የተቀነባበረ ባልሽው ነው ያለቀው። የለም ማለት አላውቅም ነበር ብለሽ ትወጪበታለሽ፣ የተቀነባበረ ግን ሰውየውን ፎርጀሪ ሰራህ ማለት ነው፣ በላይቭ። እኔ ብሆን እኔም ወረቀት አወዛውዝብሽ ነበር ይቅርታ

የጓዳ_ሰው፦
እኔም በዚሁ ስራ ላይ ብዙ አመት ቆይቻለሁ፣ አሁን ትቼዋለሁ። እህቴ ያንቺ ችግር ሪፖርተሩ አይደለም። ያንቺ ችግር ጓዳ አያስገቡሽም ነው። ሳሎን ላይ ቆመሽ ጓዳ ውስጥ ምን እንደተባለ በግምት ነው ምትናገሪው፣ እሱ ደሞ ከጓዳ ሰው አለው።

ይሄ ደሞ ባንቺ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1983 የሲቢኤስ ቲቪው ቢል ፕላንት የፕሬዚዳንት ሬገንን ቃል አቀባይ ላሪ ስፒክስን አሜሪካ የካሪቢያኗን ደሴት ግሬናዳን ልትወር ነው ወይ አለው። ስፒክስ ከዋይት ሐውስ የደህንነት ሰዎች አንዱን ጠየቀ፣ ሚሆን ነገር አይደለም ተባለ፣ የተባለውን መልሶ ለሪፖርተሩ ነገረው። በማግስቱ ወታደሩ ግሬናዳ ላይ ነበር። ስፒክስ የዋሸ አልመሰለውም፣ የዋሹት እሱን ነው፣ ጋዜጠኞቹ ፊት የቆመው ግን እሱ ነው።

የፕሬዚዳንት ፎርድ ቃል አቀባይ ጄራልድ ተርሆርስት ደሞ ከዚህ የባሰ። ከፎርድ በፊት ፕሬዚዳንት ለነበረው ለኒክሰን ምህረት ሚባል ነገር የለም ብለው ነግረውት እሱም ለጋዜጠኞቹ እንደዛው ብሎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1974 ፎርድ ምህረቱን አወጀ። ሰውየው ስራው ላይ አንድ ወር ገደማ ነው የቆየው፣ በዛው እለት ለቀቀ። ከእንግዲህ «አይ» ስል ማን ያምነኛል ነው ነገሩ። እኔ ባርኔጣዬን ማነሳለት ቃል አቀባይ እሱ ነው፣ ሌላው ይቅርብኝ።

ደሞ ሻቦቭስኪ አለ፣ የምስራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ቃል አቀባይ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ላይቭ መግለጫ ሊያልቅ ሲል ጠላት ሪፖርተር ሳይሆን ተራ ጥያቄ ነው የገደለው። ህዝቡ ወደ ውጭ እንዲወጣ ስለሚፈቅደው አዲስ የጉዞ ደንብ የተፃፈ ወረቀት ሰጥተውታል፣ ጉዳዩ ሲመከርበት ግን አልነበረም፣ ሚጀምረው በማግስቱ እንደሆነ አልነገሩትም። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሉት ወረቀቱን አገላበጠ፣ መነፅሩን አስተካከለ፣ እኔ እስከማውቀው አሁኑኑ፣ ወዲያውኑ አለ። ህዝቡ ሰምቶ ወደ በርሊን ግንብ ጎረፈ፣ በዛው ሌሊት በሩ ተከፈተ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሚሉት ለሱ ነው። የሱ ለደግ ሆነ። ያንቺና የኔ እንደዛ አይሆንም።

ድሮ_ካሜራማን፦
ባግዳድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ቡሽ ላይ ጫማ ሲወረወር ግርግሩ መሃል በማይክ ዘንግ ተመትታ አይኗ የጠቆረው ማን ናት? ቃል አቀባይዋ፣ ዳና ፔሪኖ። ቡሽ ጎንበስ ብሎ አመለጠ ሃሃ። ጫማው ለአለቃ ጥቁሩ አይን ለቃል አቀባይ

ነጭ_ነጯን፦
ሁላችሁም እየተቀባበላችሁ አንድ ነገር ትረሳላችሁ፣ መንግስት ሁሉን መናገር አይችልም። የፕሬዚዳንት ካርተር ቃል አቀባይ ጆዲ ፓወል እ.ኤ.አ. በ1980 ቴህራን የታገቱትን አሜሪካውያን ለማውጣት ወታደር ሊላክ ቀናት ሲቀሩት ጋዜጠኛ ሲጠይቀው እንደዛ አይነት ነገር አይታሰብም ብሎ አሳስቶታል፣ ዘመቻው ባይሳካም ሰው ህይወት ነበር በእጁ። አሁን እሱን ልትወቅሱት ነው?

የጓዳ_ሰው፦
አልወቅሰውም። ግን ልዩነቱን እይ፣ ፓወል እያወቀ ነው፣ ምክንያቱ የሰው ህይወት ነው፣ ኋላም አዎ ዋሽቻለሁ ብሎ ተከራክሮበታል። እዚህ ያለው የቅርንጫፍ ደብዳቤ ነው። ለደብዳቤ ብሎ ስሙን ሚያቃጥል ሰው ነገ የእውነት ነገር ሲመጣ በምን አፉ ይናገራል?

ነጭ_ነጯን፦
እሺ በዚህ ተስማምቻለሁ። ሰውየው ግን አሁንም አክተር ነው

ጡረተኛው፦
አክተርም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን እጁ ላይ ይዞ «አለ ወይ» ብሎ መጠየቁ ወጥመድ ነው፣ እኔ ሳልሰራው አልቀረሁም፣ አልኮራበትም። ጠዋት ደውሎ «ደብዳቤው እጄ ላይ ነው፣ ምን ትላላችሁ» ሊል ይችል ነበር። ይሄንን ጥያቄ ልትጠይቂው ትችያለሽ፣ ግን ካሜራ ፊት አይደለም፣ ለብቻው።

አሁን ምታደርጊውን ልንገርሽ። በሚቀጥለው መግለጫ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ገና ስትገቢ፣ «ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ የለም ብዬ ነበር፣ አለ። ስለ ሰነዱ ያልኩትም ስህተት ነበር» በዪ። አጭር። «እንዲህ ተብሎ ከተረዳችሁ» ሚል ነገር እንዳትጨምሪ፣ እሱን ካስገባሽ ያረምሽውን አበላሸሽው። ኤዲተር ለሚቀጥለው ማታ ሚቆርጠው አዲስ ክሊፕ ትሰጪዋለሽ፣ አሮጌው ያኔ ነው ሚሞተው።

ሲያቋርጥሽ ደሞ አታቋርጪው። አስጨርሺው፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቂ፣ ከዛ «ሦስት ነገር ጠይቀዋል፣ በመጀመሪያው ልጀምር» በዪ። «ለምን ዋሻችሁ» ሲል ቃሉን አትድገሚው፣ «አልዋሸንም» ካልሽ ማታ ርእሱ እሱው ነው።

ሰሚ_ያጣ፦
እኔ ደሞ ምጨምረው አላውቅም ማለትን ተለማመጂ። መስታወት ፊት። ቀልድ አይደለም፣ ሰው አላውቅም ሲል ድምፁ ይቀንሳል አይኑ ይወርዳል፣ ቲቪ ላይ ደሞ ያ ጥፋተኛ ያስመስላል። «አላውቅም፣ እስከ አስር ሰዓት አጣርቼ እነግርዎታለሁ» በሙሉ ድምፅ። እና አስር ሰዓት ላይ መደወል ነው፣ ምንም ባታገኚ ምንም አላገኘሁም ለማለት

ቀጭን_ሽቦ፦
አለቃዋ ይሄን ሁሉ ይፈቅዳል እያላችሁ ነው? ማስተካከያ ልስጥ ብላ ብትገባ ያው የዛን ቀን ነው ስራዋን ምታጣው

የጓዳ_ሰው፦
ልክ ነህ፣ ከባዱ እሱ ነው። እኔም የለቀቅኩት በዚሁ ነው። ግን አለቆች ሚፈሩት አንድ ነገር አለ፣ ሁለተኛ ክሊፕ። «ይሄ ሰውዬ ሌላም ወረቀት ሊኖረው ይችላል፣ እኔ ሳላውቅ ከገባሁ እንደገና ይደገማል» በዪው። ስለ እውነት አታውሪለት፣ ስለሚቀጥለው ማክሰኞ አውሪለት።

ከመድረክ_ጀርባ፦
ተመለስኩ። ረጅም ነው ታገሱኝ።

አለቃዬ ማስተካከያውን እምቢ ብሎ ነበር፣ የጓዳ_ሰው ያልከውን ቃል በቃል ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ቆየና «አጭር ይሁን» አለ። ገባሁ፣ ውሃ የለም፣ ደብዳቤው አለ፣ ስለ ሰነዱ ያልኩት ስህተት ነበር አልኩ። 12 ሰከንድ ፈጀ፣ ቆጥሬዋለሁ። ክፍሉ ፀጥ አለ፣ ስልኳን ስትነካካ የነበረች አንዷ ቀና ስትል አየኋት። ሰውየው ያው ቦታው ላይ ነው፣ ያው ሳይጠራ ጀመረ፣ «ታዲያ ማን ነው ያዘዘው?» አለ። አውቃለሁ መሰላችሁ? አላውቅም። መስታወት ፊት እንደተለማመድኩት አላውቅም፣ እስከ አስር ሰዓት እነግርዎታለሁ አልኩ፣ ድምፄ ትንሽ ተሰብሯል ግን አይኔ አልወረደም። ሦስት ጊዜ ደጋገመው፣ ሦስቱንም ያችኑ መለስኩ። በአራተኛው ወደ ሌላ ሰው ዞርኩ፣ ዝም አለ።

ማታ ዜናው ላይ ማስተካከያውን ሙሉውን አወጡት። አልወደድኩትም፣ ግን አልቆረጡትም።

ከዛ በፊት ግን አስር ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው ደውዬለት ነበር። የፈረመውን ሰው ስም እሱም ያውቀዋል፣ ከዛ በላይ እስካሁን አላገኘሁም አልኩት። ስልክ ላይ ሌላ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው ሚያወራው፣ ቢሮ ውስጥ ልጅ ያለ ይመስል። ጋሼ እንዳሉኝ ጠዋት ለምን እንዳልደወለልኝ ጠየቅኩት። «ደውዬ ነበር፣ ሁለት ጊዜ፣ ለአለቃዎ» አለኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሊዘጋ ሲል ደሞ «ደብዳቤው ሁለተኛ ገፅ እንዳለው ያውቃሉ አይደል?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

አሁን ፀሐፊዋ ጋ ተቀምጬ ነው ምፅፍላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ነው አለችኝ፣ በሩ ስር ግን መብራት ይታየኛል።

ሰሚ_ያጣ፦
👀